ዝም ያለ ሻጭና ያረጀ ጎማ

ጀርመን ውስጥ ያገለገለ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 የሚፈልግ ሰው በየማስታወቂያው አንድ ዓይነት ምስጋና ያነባል፦ አንድ ባለቤት ብቻ የነዳው፣ ጋራዥ ውስጥ ያደረ፣ ጥቂት ኪሎ ሜትር የሄደ። ምስጋናው ብዙ ጊዜ እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 አውሮፓ ገበያ የገባው ይህ ባለ 1298 ሲሲ ሞተር ረጅም መንገድ በፍጥነት እንዲቆርጥ የተሠራ ነው። ኃይሉን ወደ ኋላ ጎማ የሚያደርሰው በሰንሰለት ሳይሆን በዘንግ ስለሆነ እንክብካቤው አያታክትም፤ ባለቤቱ በበጋ እሑድ እሑድ ብቻ ካወጣው ደግሞ ከ10 ዓመት በኋላም እንደ አዲስ ያብረቀርቃል። ጣጣው ያለው እዚያው ምስጋናው ውስጥ ነው። ትንሽ የሄደ ሞተር ጎማው መንገድ ላይ አያልቅም፤ ቆሞ ያረጃል።

ላስቲክ አየርና ፀሐይ እያደረቁት ይጠነክራል። ጥርሱ ሳይነካ መንገድ የመያዝ አቅሙ ይደክማል፤ ይህም የሚታወቀው በዝናብና በብርድ፣ ሞተሩ ኩርባ ላይ ወደ ጎን በተጋደለበት ሰዓት ነው። የጀርመን ሕግ የሚለካው የጥርሱን ጥልቀት ነው፤ 1.6 ሚሊ ሜትር ካለው ይበቃል ይላል። ስለ ዕድሜው የሚናገሩት አምራቾቹ ናቸው፤ ሚሽሊን ለምሳሌ ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ ባለሙያ እንዲያየው፣ ከተመረተ 10 ዓመት የሞላው ግን መልኩ ምንም ቢያምር እንዲቀየር ይመክራል።

ዕድሜው ደግሞ ምስጢር አይደለም። ከ2000 ወዲህ በተመረተ ጎማ ጎን ላይ አራት አኃዝ ታትሟል፦ 2314 ማለት የ2014 23ኛው ሳምንት ነው። ሻጩ አልሸፈነውም፣ አልፋቀውም። ገዢው ጎንበስ ቢል ያየዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ካወቀ። ታዲያ ለሁሉም ዓይን ክፍት የሆነ፣ ግን ለአዋቂ ብቻ የሚነበብ ጉድለት፣ ሻጩ አፍ አውጥቶ ባይናገረው በደል ነውን?

ይህ ክርክር ከሞተር ሳይክል በጣም ይቀድማል። ሮማዊው ሲሴሮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ ሁለት የስቶይክ ፈላስፎችን ያፋጥጣል፤ የባቢሎኑን ዲዮጋንንና ተማሪው የነበረውን የጠርሴሱን አንቲጳጥሮስን። አንድ ሰው የሚፈርስና እባብ የሚርመሰመስበት ቤቱን ይሸጣል፤ ጉዱን የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። አንቲጳጥሮስ ይህን ዝም ማለት መንገድ የጠፋውን ሰው ወደ ባሰ ጥፋት ከመምራት አይሻልም ይላል። ዲዮጋን ግን አለመናገርና መደበቅ ለየቅል ናቸው ባይ ነው፤ ግዛ ብሎ ያስገደደ የለም፣ የዕቃውን እንከን ራሱ እየዘረዘረ የሚሸጥ ነጋዴስ ከወዴት ይገኛል? ሲሴሮ ፍርዱን ለአንቲጳጥሮስ ሰጠ።

ዲዮጋን ግን እንዲህ በቀላሉ የሚጣል ሰው አይደለም። ለመመርመር የማይጥር ገዢ ሻጩን ሞግዚቱ ሊያደርገው ይፈልጋል፤ ገበያ ደግሞ የሞግዚት ቦታ አይደለም። የጀርመን የፍትሐ ብሔር ሕግም በግል የሚሸጥ ሰው ዋስትና አልሰጥም ብሎ እንዲዋዋል ይፈቅድለታል፤ ስምምነቱ የማይጠብቀው ጉድለቱን እያወቀ በማታለል ከደበቀ ነው። ከዚያ በኋላ ያለው የማስረጃ ጉዳይ ነው፤ ማን ምን ያውቅ እንደነበር ማረጋገጥ ደግሞ ለዳኛም አይቀልም።

የነገረ መለኮት ሊቁ ቶማስ አኩዊናስ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነገሩን በሁለት ከፈለው። ፈረሱ አንድ ዓይና ከሆነ ጉድለቱ በግልጽ ይታያል፤ ሻጩ ዋጋውን ተገቢውን ያህል ከቀነሰ የመናገር ግዴታ የለበትም። አንካሳውን ፈጣን ብሎ፣ የተበላሸ ምግብ ደህና ብሎ መሸጥ ግን ስውር አደጋ ያዘለ ነውና በደል ነው። በ2014 የተመረተው ጎማ ከየትኛው ጎራ ይመደባል? እንደ ፈረሱ ዓይን በይፋ ይታያል፤ ጉዳቱ ግን እንደ ምግቡ ስውር ነው። ስለዚህ የሚያዋጣው መለኪያ የጉድለቱ መታየት ሳይሆን በሁለቱ ሰዎች መካከል ያለው የእውቀት ርቀት ይመስላል። ዕድሜውን በጎማ ሥራ ላይ ላሳለፈ ጎሚስታ የሚሸጥ ሰው ዝም ቢል ምንም አላጎደለም፤ መንጃ ፈቃዱን ባለፈው ሳምንት ላወጣ ወጣት ሲሸጥ ዝም ካለ ግን አራቱ አኃዞች ነጻ አያወጡትም። ዋጋ ቀንሻለሁ ማለቱም አያድነውም፤ የተቀነሰው ገንዘብ የኪስን ጉዳት እንጂ እርጥብ ኩርባ ላይ መውደቅን አይክስም።

ሃይማኖቶቹ ከዚህም ወደ ተግባር ቀረብ ይላሉ። በሰሂህ ሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ ነቢዩ መሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) የእህል ሻጭ ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተው ከሥሩ እርጥብ ሆኖ አገኙት። ዝናብ መታው አለ ባለቤቱ። ሰው እንዲያየው እርጥቡን ለምን ከላይ አላደረግከውም ሲሉ ገሠጹት። ሰውየው የተናገረው ውሸት የለም፤ የተወቀሰው እህሉን በደረደረበት መንገድ ነው። የአይሁድ ሕግ ስብስብ የሆነው ሚሽናም ለሽያጭ የቀረበን እንስሳና ዕቃ ማሳመርን ይከለክላል፤ ታልሙድ ያብራራው አዲሱን ማስዋብ ፈቅዶ አሮጌውን አዲስ ማስመሰልን በመከልከል ነው። ያረጀ ጎማ ላይ የሚረጨው ማጥቆሪያ በቀጥታ የሚወድቀው እዚህ ክልከላ ላይ ነው። (ሞተር ላይ ደግሞ ከማሳሳትም አልፎ ጎማውን ያንሸራትታል።)

ጎማ ሻጩ ያልተናገረውን እየተናገረ የሚያጋልጥበትም ጊዜ አለ። መካከሉ ጠፍጣፋ ሆኖ ዳርና ዳሩ ያልተነካ ከሆነ ኑሮው ቀጥ ባለ አውራ ጎዳና ላይ ነበር ማለት ነው፤ እንዲህ ያለ ሞተር ኩርባ ላይ መጋደል እምቢ ይልና ድንገት ይወድቃል። ቆጣሪው 9,000 ኪሎ ሜትር ብቻ እያሳየ ጎማው ከሞተሩ በ10 ዓመት ያነሰ ከሆነም ሁለት ታሪክ ይቻላል፦ ወይ ባለቤቱ በዕድሜ ምክንያት የቀየረ ጠንቃቃ ሰው ነው፣ ወይ ቆጣሪው ይዋሻል። ደረሰኝ ካለ ይለየዋል።

ከግዢው በኋላ ግን የክርክሩ ወገኖች ይቀያየራሉ። ገዢው አሁን ማንበብ ተምሯል፤ አዋቂው እሱ ሆኗል። ሚሽሊን ሮድ 6፣ ሜትዘለር ሮድቴክ 01፣ ብሪጅስቶን ቲ32 እያለ ያማርጣል። የዚህ ዘር ጎማዎች መካከላቸው ጠንካራ፣ ዳራቸው ለስላሳ ላስቲክ እየተደረገ መሠራት ከጀመረ ቆይቷል፤ ቀጥታው መንገድ ቶሎ እንዳይበላቸው፣ ኩርባው ላይም እንዲይዙ። ለከባድ ሞተር ጠንከር ተደርጎ የተሠራ ጂቲ የሚባል ዓይነትም አለ። ኤፍጄአሩ ብቻውን 290 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ሁለት ሰውና ጓዝ ሲጨመርበት ጂቲውን መምረጥ ቅንጦት አይሆንም።

ሒሳቡ ሲመጣ ብዙው ሰው የኋላውን ብቻ አስቀይሮ የፊቱን ለሚቀጥለው ዓመት ያቆየዋል። ከኋላው የምትቀመጠው ሚስቱ አራቱን አኃዞች አላነበበችም፤ ባሏ አዋቂ ነው ብላ ታምነዋለች። ሻጩ ዝም ላለበት ቢያንስ ዋጋ ቀንሻለሁ ሊል ይችል ነበር፤ ለእሷ ግን የሚቀነስላት ዋጋ የለም።