ስለማይጨበጥ ገንዘብና ስለ ባልንጀራ

ገንዘብ የሰው አገልጋይ እንዲሆን የተሠራ ነገር ነው፤ ነገር ግን አገልጋይነቱን ትቶ ጌታ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። በዛሬው ዘመን በእጅ የማይጨበጥ፣ በስልክ ላይ በቁጥር ብቻ የሚታይ ክሪፕቶ የሚባል ገንዘብ ተነሥቷል፤ ከአዋሽ ወደ ሚኤሶ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለችው በቦርደዴ እንኳ ወጣቶች ስሙን ሲያነሡ ይሰማል። ይህን መግዛትና መሸጥ መልካም ነውን ወይስ ክፉ? ሳይመረምሩ መፍረድ አይገባምና አስቀድመን ነገሩን እንመልከት።

ብዙ ሽማግሌዎች «የማይዳሰስ ነገር ገንዘብ አይባልም» ይላሉ። ይህ ግን ብቻውን በቂ ምክንያት አይደለም። አባቶቻችን ከአፋር በረሃ በመጣ አሞሌ ጨው ተገበያይተዋል፤ የኦስትሪያይቱ ንግሥት የማሪያ ቴሬዛ መልክና 1780 የሚል ዓመት የተቀረጸበትንም ጠገራ ብር ንግሥቲቱን ሳያውቋት ተቀብለዋል። ገንዘብ ሁሉ በመተማመን ይኖራል። ሆኖም አሞሌው ባይመነዘር ወጥ ያጣፍጣል፤ ጠገራው ቢቀልጥ ጌጥ ይሆናል፤ የወረቀቱን ብር መንግሥት ለግብር ይቀበለዋል። ከክሪፕቶ ዓይነቶች ዋነኛው ቢትኮይን በ2001 ዓ.ም. ሥራ የጀመረ፣ ብዛቱ ከ21 ሚሊዮን እንዳያልፍ የተወሰነ፣ መዝገቡም በዓለም ዙሪያ በተበተኑ ኮምፒውተሮች የሚጠበቅ ነው። አሠራሩ የሚያስደንቅ ነው፤ ዋጋውን ግን የሚያቆመው የሚቀጥለው ገዥ ፈቃድ ነው።

ወጣቱም የሚለው አለው። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ላቡን አንጠፍጥፎ ያጠራቀመ ሰው ቁጠባው ሲመነምን አይቶ መሸሸጊያ ቢፈልግ አይፈረድበትም። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ግን የአገሪቱ ሕጋዊ ገንዘብ ብር ብቻ መሆኑን ገልጦ ከዚህ ንግድ እንዲጠበቁ በ2014 ዓ.ም. ሕዝቡን አስጠንቅቋል። ሕግን ማክበር ግዴታ ነው፤ ነገር ግን ሕግ ባይኖርስ ኅሊና ምን ይላል?

የቦርደዴ ነጋዴ ፍየል ገዝቶ አዳማ ወስዶ አትርፎ ቢሸጥ፣ እርሱ ትርፉን፣ ገዥው ሥጋውን ይዞ ይሄዳል፤ ሁለቱም ተጠቅመዋል። የቢትኮይን ዋጋ በኅዳር 2014 ዓ.ም. ወደ 69 ሺሕ ዶላር ደርሶ፣ ከአንድ ዓመት በኋላ ከ16 ሺሕ በታች ወረደ። በላይኛው ዋጋ ሽጦ የወጣው ሰው ትርፉን ያገኘው በዚያው ዋጋ ከገዛው ሰው ኪስ ነው። ሁለቱም አውቀው ገብተው ከሆነ፣ ከልጆቻቸው ጉሮሮ እስካልነጠቁ ድረስ፣ ሞኝነት ቢሆን እንጂ በደል አይባልም። በደሉ የሚጀምረው አንዱ የሚያውቀውን ሌላው እንዳያውቅ ሲደረግ ነው።

ለዚህም ዋንኮይን የተባለው ማጭበርበሪያ ምስክር ነው። ሩጃ ኢግናቶቫ የተባለች ሴት ከቡልጋሪያ ተነሥታ፣ እውነተኛ መዝገብ የሌለውን ገንዘብ ለዓለም ሸጠች፤ የአሜሪካ ዐቃብያነ ሕግ እንዳስታወቁት ከ4 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከሰበሰቡ በኋላ ሥራው ተጋለጠ፤ እርሷም በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ተሰወረች። ነገር ግን ያን ያህል ሰው ሁሉ እርሷ ራሷ አላጠመደችም። አዲስ ሰው ለሚያመጣ ኮሚሽን ይከፈል ነበርና፣ ወንድም ወንድሙን፣ ወዳጅ ወዳጁን ጠራ። የጠፋው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ገንዘብ ይመለስ ይሆናል፣ የአክስቱን ልጅ አምኖ የተከተለ ሰው እምነት ግን እንዴት ይመለሳል?

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ ነውሩን ሳይናገር ከብት የሚሸጥ ሰው በገበያችን ሁሉ የተናቀ ነው። በስልክ የሚሸጠውም ከዚህ ፍርድ አያመልጥም። ለጎረቤትህ «ግባ፣ ታተርፋለህ» ከማለትህ በፊት ራስህን እንዲህ ብለህ ጠይቅ፦ እኔ የማውቀውን ሁሉ ቢያውቅ ኖሮ ይህን ነገር ከእኔ ይገዛ ነበርን? መልሱ «አይገዛም» ከሆነ፣ የምታገኘው ትርፍ ዋጋ የጎረቤትህ አለማወቅ ነው፤ ስሙም ንግድ አይደለም።