ስለ ምርኮና ስለ ዘረፋ

በቋንቋችን ምርኮና ዘረፋ ሁለት ስሞች ናቸው። በጦር ሜዳ ከታጠቀ ጠላት የተወሰደው ምርኮ ይባላል፤ ከባልቴት ጎተራ ወይም ከቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት የተወሰደው ግን ወሳጁ ማንም ቢሆን ዘረፋ ነው። እንግዲህ መንግሥት በፈቃዱ ዘረፋውን ምርኮ ሊያደርገው ይችላልን?

የአውሮፓ ነገሥታት ይቻላል ብለው ነበር። በጦርነት ጊዜ ለግል መርከብ ባለቤት የፈቃድ ደብዳቤ እየሰጡ የጠላትን ነጋዴ መርከብ እንዲይዝ ያሰማሩት ነበር። የተያዘው በምርኮ ፍርድ ቤት ታይቶ ይሸጥና ገንዘቡ ለባለ መርከቡና ለመርከበኞቹ ይከፈላል። ያንኑ ሥራ ያለ ደብዳቤ የሠራ ግን የባሕር ወንበዴ ተብሎ ይሰቀላል። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ወረቀት ነበረ። በ1848 ዓ. ም. እንግሊዝ ያለችበት የፓሪስ ስምምነት ይህን ልማድ በባሕር ላይ ሻረው።

ምርኮን ሸጦ ለወታደር ማካፈል ግን በየብስ አልቀረም፤ ከ12 ዓመት በኋላም ወደ አገራችን ወደ ወሎ መጣ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ከሠዉ በኋላ የእንግሊዝ ወታደሮች ግምጃ ቤቱንና የመድኃኔ ዓለምን ቤተ ክርስቲያን ዘረፉ። የጦሩ አለቆች ዕቃውን አሰብስበው በ15 ዝሆንና 200 በሚያህል በቅሎ ጭነው በሽሎን ተሻገሩ፤ ከወልድያ በስተ ደቡብ ምዕራብ በሚገኘው በደላንታ ሜዳም ሁለት ቀን በሐራጅ ሸጡት። የተገኘው 5,000 ፓውንድ ያህል ለወታደሩ ተከፈለ። ከገዢዎቹ ዋናው የብሪቲሽ ሙዚየም መልእክተኛ ሪቻርድ ሆምስ ነበረ። (ከመጻሕፍቱ ብዙዎቹን ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ከጎንደር አድባራት በሥልጣናቸው እንደ ወሰዷቸው መሸሸግ አይገባንም።)

ልብ በሉ፤ ይህ ሁሉ በመዝገብና በድርሻ የተደረገ ነው። እኛን የሚያስፈራን ይህ ሥርዓቱ ነው፤ በሌሊት የሰረቀን ሰው ኅሊናው ይወቅሰዋልና፤ ዋጋ ከፍሎ የወሰደውን ግን ማን ይወቅሰዋል? ሆኖም ጠቅላይ ሚኒስትሩ ግላድስተን በ1863 ዓ. ም. በምክር ቤት ቆሞ ዕቃዎቹ ከኢትዮጵያ በመምጣታቸው ማዘኑን ተናገረ። በሙዚየሙ ያሉትን 11 ጽላትም ዛሬ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ አያዩአቸውም።

አንዳንዱ ኦሪት ዘኍልቍ ምዕራፍ 31ን ጠቅሶ ምርኮ ተፈቅዷል ይላል። እኛ ግን ወደ አብርሃም እናመለክተዋለን። የሰዶምን ሰዎች ንብረት ከአራቱ ነገሥታት በጦር ሲያስጥል በዘመኑ ልማድ የእርሱ ነበረ፤ ንጉሡም ውሰድ ብሎታል። እርሱ ግን ብላቴኖቹ ከበሉትና ከተባባሪዎቹ ድርሻ በቀር የጫማ ማሰሪያ ስንኳ ሳያስቀር መለሰ፤ ዕቃው በማራኪው እጅ ስላለፈ የመጀመሪያ ባለቤቱን እንዳላጣ ያውቅ ነበርና።

ይህን ማንሣታችን ስለ ሩቅ ዘመን ብቻ አይደለም። በ2013 እና በ2014 ዓ. ም. ጦርነት ወልድያ፣ መርሳና የሀብሩ ገጠር ሲዘረፉ አይተናል። የተዘረፈ ዕቃ በርካሽ አግኝቶ «ገዛሁ እንጂ አልወሰድሁም» የሚል ምእመን ቢኖር ሆምስም ያለው ይህንኑ ነው። የንስሐ አባቱ ባለቤቱ ይታወቅ እንደ ሆነ ይጠይቀው፤ ከታወቀ ዕቃውን ይመልስ። የከፈለውንም ዋጋ ከሸጠለት ሰው ይፈልግ እንጂ ከተዘረፈው አይጠይቅ። ገዢው ራሱ ድኻ ሆኖ ቆርቆሮውን በልጆቹ ላይ ከድኖት ከተገኘ ግን ክረምቱ እስኪወጣ ቢታገሡት ባለቤቱም እንቢ የሚል አይመስለንም።