መቃብር ማጽዳት ለማን ይጠቅማል?



ክረምቱ እንደ ወጣ እኛ የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ማጭድና መጥረጊያ ይዘን የቤተ ክርስቲያናችንን መካነ መቃብር ለማጽዳት ወጥተን ነበር። ሣሩ ከጉልበት በላይ አድጎ፣ የዛፍ ሥር ሲሚንቶውን ሰንጥቆት አገኘነው። ከመካከላችን አንዱ «ይህን ቀን ችግረኛ ልጆችን ብናስጠናበት አይሻልም ነበርን? ሙታን እንደሆኑ ቢታጨድላቸውም አያውቁ» ሲል ጠየቀ። ጥያቄው የስንፍና አልነበረምና ለጊዜው መልስ አጣን።

በእርግጥ መቃብር ለሟች ቅድስና አይጨምርም። ቅዱስ ዮስጢኖስ ደ ያዕቆቢስ (አቡነ ያዕቆብ) እ.ኤ.አ. በ1860 ዐርፈው በኤርትራ ሄቦ ተቀበሩ፤ ምእመናንም መቃብራቸውን ይሳለማሉ። የጎጃሙ ተወላጅ አባ ገብረ ሚካኤል ግን በ1855 ስለ ሃይማኖታቸው በሰንሰለት ታስረው ሳሉ ዐረፉ፤ የተቀበሩበት ቦታ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቢሆንም ቤተ ክርስቲያን በ1926 ብፁዕ ብላ ሰይማቸዋለች። መቃብራቸው በመጥፋቱ የጎደለባቸው ነገር የለም።

ታዲያ ለምን እንደክማለን? አባ ገብረ ሚካኤልን የቀበሯቸው ይጠብቋቸው የነበሩት ወታደሮች እንደሆኑ ይነገራል። ዘመድ አልነበሩም፤ እንዲያውም አሳሪዎቻቸው ነበሩ። ነገር ግን ሬሳ ሜዳ ላይ መተው ለሰው እንደማይገባ ያውቁ ነበር። ጦቢት የንጉሥ ቁጣ ሳያስፈራው የወገኖቹን ሬሳ ሲቀብር፣ የአርማትያሱ ዮሴፍም የራሱን አዲስ መቃብር ሲሰጥ፣ ከሟች ብድር አልጠበቁም። ሙታንን መቅበር ከሰባቱ የሥጋ ምሕረት ሥራዎች አንዱ ሆኖ መቆጠሩም ያለ ምክንያት አይደለም። ለሕያው በጎ ስናደርግ ምስጋናውን በልባችን እንጠብቃለን፤ ሟች ግን አያመሰግንም።

ይህ ነገር እኛን የሐዋሳ ልጆችን ይበልጥ ይመለከታል። ከተማችን በ1950ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ የተቆረቆረች ናት፤ ሐዋርያዊ ቪካሪያታችንም የቆመው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። የብዙዎቻችን ወላጆች ከሌላ አገር የመጡ በመሆናቸው የአያቶቻችን መቃብር ሩቅ ነው፤ እዚህ ካረፉትም መካከል ዘመድ የራቃቸው አሉ። ዕድር ድንኳን ይተክላል፣ ያስቀብራል፣ ያጽናናል። ከሠልስትና ከአርባ በኋላ ግን ያ መቃብር የማን ነው? ከዲላ ወዲያ በጌዴኦ፣ በቱቱ ፈላ መቃብር ላይ የቆሙት ትክል ድንጋዮች ዛሬም አሉ፤ ከሥራቸው ያረፉትን በስም የሚጠራ ግን የለም። ድንጋይ ብቻውን ስም አይጠብቅም።

ስለዚህ እብነ በረድ ይቁም አንልም፤ ያ ገንዘብ ለችግረኛ ተማሪ ደብተር ቢገዛ ይሻላል። የወንድማችን ጥያቄ በዚህ በኩል ልክ ነው። ማጭድ ግን ገንዘብ አይፈልግም፤ ሥራውም ከግማሽ ቀን አላለፈም። ጽሑፉ ከመጥፋቱ በፊት ስሞቹን በደብተር ገልብጠናል፤ እስክሪብቶውን የያዘውም ያው የጠየቀው ወንድማችን ነበር። ሁለት ስሞች ተፍቀው ማንበብ አልቻልንም፤ አንድ ዓመት ቀድመን መጥተን ቢሆን ምናልባት ይነበቡ ነበር።

እንግዲህ ወጣቶች፣ በየዓመቱ የሙታን መታሰቢያ ከሚውልበት ከኖቬምበር 2 በፊት ባለው ቅዳሜ ጠዋት መቃብሩን እናጽዳ፣ ከሰዓት በኋላ ልጆቹን እናስጠና። ሁለቱም ይቻላል።