ዕጩን ማን ያጣራ? ስለ ማጣሪያ ምርጫና ሹመትን ስለ መሻት

የማጣሪያ ምርጫ ማለት ለአንድ መቀመጫ ከቀረቡት ብዙ ዕጩዎች መካከል ወደ መጨረሻው ውድድር የሚያልፉትን ጥቂቶች መራጩ ሕዝብ ራሱ በድምፁ አስቀድሞ የሚለይበት ሥርዓት ሲሆን፣ ከፓርቲ ነጻ የሚሆነውም በድምፅ መስጫው ወረቀት ላይ ከዕጩው ስም ጎን የፓርቲ ስም ሳይጻፍ ሲቀር ነው። ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚኖሩባት የአሜሪካዋ ሲያትል ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናት፤ መራጮቿ እ.ኤ.አ. በ2013 ባጸደቁት ማሻሻያ መሠረት ከዘጠኙ የከተማ ምክር ቤት መቀመጫዎች ሰባቱ በየምርጫ ክልሉ፣ ሁለቱ ደግሞ በመላ ከተማዋ ነዋሪ የሚመረጡ ሲሆን፣ በኦገስት በሚደረገው ማጣሪያ ከፍተኛ ድምፅ ያገኙት ሁለት ዕጩዎች በኖቬምበር ዳግም ይወዳደራሉ። አሠራሩ ቀላል ቢመስልም በውስጡ ሁለት የቆዩ ጥያቄዎችን ይዟል፤ አንደኛው ሰው ሹመትን ራሱ መሻቱ ተገቢ ነው ወይ የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው የሌሎችን ምርጫ አስቀድሞ የማጥበብ መብት የማን ነው የሚል ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ መስጊድና ቤተ ክርስቲያን በሚጎራበቱባት በጅማ በሁለቱም ወገን መጻሕፍት መልስ የሚፈለግለት ነው። በቁርኣን ሱረቱ ዩሱፍ ዩሱፍ ጠባቂና አዋቂ መሆኑን ገልጾ በምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾመው ንጉሡን ራሱ ይጠይቃል፤ በኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 41 ግን ዮሴፍ ፈርዖን ብልህ ሰው ፈልጎ እንዲሾም ይመክራል እንጂ ራሱን አያቀርብም፣ የሚሾመውም ፈርዖን በራሱ ፍርድ ነው። ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ ሹመትን ለሚጠይቅና ለሚጓጓላት እንደማይሰጡ ነቢዩ ሙሐመድ መናገራቸው ከአቡ ሙሳ አል-አሽዐሪ በተላለፈው ሐዲስ መገኘቱ ነው። የእስልምና ሊቃውንት የዩሱፍን ጥያቄና ይህን ሐዲስ ሲያስታርቁ ሹመትን መጠየቅ የሚነቀፈው ለክብርና ለጥቅም ሲሆን ነው፣ ሥራውን በአግባቡ የሚችል ሌላ ሰው በታጣ ጊዜ ግን ራስን ማቅረብ ይፈቀዳል ይላሉ። የማጣሪያ ምርጫ በዚህ ሚዛን ሲታይ አስቸጋሪ ነው፤ ማንም እስኪጠቁመው ሳይጠብቅ ስሙን የሚያስመዘግበውን ሰው ብቻ ስለሚያስተናግድ፣ ትሑቱን ከደጅ ሊያስቀርና ደፋሩን ሊያስገባ ይችላል።

የሁለተኛው ጥያቄ ጥንታዊ መልስ በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 1 ይገኛል። በይሁዳ ምትክ አንድ ሰው በሚተካበት ጊዜ 120 ያህል ሰዎች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ጴጥሮስ አስቀድሞ መስፈርቱን ያስቀምጣል፤ ከዮሐንስ ጥምቀት ጀምሮ አብሮ የነበረ መሆን አለበት ይላል፤ ከዚያም ኢዮስጦስ የተባለው ዮሴፍና ማትያስ ይቀርባሉ፣ በመጨረሻም ከጸሎት በኋላ በሁለቱ መካከል ዕጣ ይጣላል። የግብፅ ኮፕት ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ2012 መራጮች ከአምስት ዕጩዎች ሦስቱን ከለዩ በኋላ ዓይኑ የታሰረ ሕፃን ባወጣው ዕጣ ፓትርያርክ ታዋድሮስ 2ኛን የሰየመችው በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በሁለቱም ዘንድ ሰዎች የሚያውቁትንና የሚችሉትን ያህል ከመረመሩ በኋላ ከአቅማቸው በላይ የሆነውን ለፈጣሪ ይተዋሉ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የምርጫ ሕግ ግን፣ በአንድ የምርጫ ክልል የዕጩዎች ቁጥር ከ12 በበለጠ ጊዜ ከሚቀነሱባቸው መንገዶች አንዱን ዕጣ በማድረጉ፣ ቅደም ተከተሉን ገልብጦት ነበር፤ ዕጣው መጀመሪያ ያጣራል፣ ሕዝቡ ከተረፉት ይመርጣል። ይህ የሰውን ፍርድ ከነጭራሹ ሳይጠይቁ መተው ስለሆነ ትሕትና ሊባል አይችልም።

በጅማና በጊቤ አካባቢ ታሪክ ማጣሪያው ከሕዝቡ እጅ ከወጣ ቆይቷል። ሕዝቡ መሪዎቹን ይመርጥበት የነበረው የገዳ ሥርዓት በ19ኛው መቶ ዘመን በነገሥታት አገዛዝ ሲተካ፣ የየአውራጃው ገዥዎች የሆኑት አባ ቆሮዎች በንጉሡ የሚሾሙ ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ያስገኘው የሕግ መምሪያ ምክር ቤት ምርጫ፣ ፓርቲ ስላልነበረና ዕጩዎች በግላቸው ስለሚወዳደሩ፣ ከፓርቲ ነጻ ነበር ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ዕጩው የተወሰነ ግምት ያለው ንብረት እንዲኖረው ስለሚጠይቅ፣ በሰው መሬት ላይ ቡና የሚለቅም ጢሰኛ ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተጣርቶ ወጥቷል። በ2005 ዓ.ም. በተካሄደው የአካባቢ ምርጫ ደግሞ ማጣሪያ ሆኖ የንብረቱን ቦታ የያዘው ፓርቲ ነበር። ቀጣዩ የአካባቢ ምርጫ በ2010 ዓ.ም. ሲራዘም፣ የ2013 ዓ.ም. ምርጫም ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በቀር የከተማ ምክር ቤቶችን አልጨመረም።

ሆኖም ከፓርቲ ነጻ የሆነ ማጣሪያ በጅማ ዙሪያ ላለው የአጋሮ፣ የሊሙ ገነት ወይም የየቡ ነዋሪ እንግዳ ነገር አይደለም። በቡና ገበሬዎች የኅብረት ሥራ ማኅበርም ሆነ በዕድር ጠቅላላ ጉባኤ መጀመሪያ አስመራጭ ኮሚቴ ይሰየማል፣ ከዚያ ከተሰብሳቢው ጥቆማ ይቀርባል፣ የተጠቆመውም ብዙ ጊዜ ይቅርብኝ ይላል፣ በመጨረሻ እጅ በማውጣት ይመረጣል። ጥቆማው የዩሱፍን ችግር ያቃልላል፤ ሹመቱን የሚሻው ሰውየው ሳይሆን የሚያውቁት ጎረቤቶቹ ናቸው። ጉድለቱ ደግሞ እጅ ከማውጣቱ ይመጣል፤ የቡናው ሚዛን በእጁ ያለ ሰው ዓይኑን ጥሎ ሲቆጥር እጁን ለሌላ የሚያወጣ ገበሬ ጥቂት ነው። የሲያትሉ ዓይነት ማጣሪያ የድምፁን ምስጢር ይጠብቃል፣ ጎረቤት ስለ ዕጩው ያለውን ዕውቀት ግን አያቀርብም፤ የፓርቲ ስም በሌለበት ወረቀት ላይ ዕጩዎቹን የማያውቅ መራጭ በስማቸው ሃይማኖታቸውንና ወገናቸውን ለመገመት ይገደዳል፤ ፓርቲን ማስወገድ ወገንተኝነትን አያስወግድም።

ሌላም የሒሳብ ጣጣ አለ። አንድ ሺህ መራጮች ባሉበት የምርጫ ክልል አምስት ዕጩዎች 240፣ 220፣ 190፣ 180 እና 170 ድምፅ ቢያገኙ፣ የሚያልፉት ሁለቱ በአንድነት 460 ድምፅ ብቻ ይዘው ሳለ 540 ሰዎች ሌሎች በመረጧቸው ሁለት ሰዎች መካከል ለመፍረድ ይገደዳሉ፤ የወደቁት ሦስቱ የአንድ ሠፈርን ድምፅ የተካፈሉ ቢሆኑ ደግሞ የብዙኃኑ ሐሳብ ከመጨረሻው ወረቀት ሙሉ በሙሉ ሊጠፋ ይችላል። ለዚህ ነው ሲያትል እ.ኤ.አ. በ2022 ለማጣሪያው መራጩ ዕጩዎችን በቅደም ተከተል የሚያስቀምጥበትን ስልት ያጸደቀችው።

እነዚህ ጉድለቶች ቢኖሩም፣ ሀብት፣ ፓርቲና ዕጣ በየተራ ከያዙት ማጣሪያ ይልቅ መራጩ ራሱ የሚያጣራበት ሥርዓት ለፍትሕ የቀረበ ነው፤ የተሳሳተው ሰው ቢያንስ በራሱ ፍርድ ይሳሳታል። ስለዚህ የጅማን ዓይነት ከተሞች ምርጫ የሚመለከት ሕግ ለማርቀቅ የሚነሱ ሰዎች ጥቆማውን እንደ ማኅበሩ ጉባኤ ለነዋሪው፣ ድምፁን ደግሞ ለምስጢር ሣጥን እንዲሰጡ ይመከራል።