ለማሽን የተሰጠ ዜግነት

እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2017 ሪያድ በተካሄደ የኢንቨስትመንት ጉባኤ ላይ ሶፊያ የተባለች ሮቦት የሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት እንደተሰጣት ተነገረ። የሠራት የሆንግ ኮንጉ ሀንሰን ሮቦቲክስ ሲሆን፣ በሶፍትዌሯ ሥራ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶችም ተሳትፈዋል። አልሸሽግም፣ የኛ ልጆች እጅ ስላለበት ኩራት ተሰምቶኝ ነበር።

ኩራቴ ግን አልቆየም። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው በሺዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያን ከዚያው አገር ይመለሱ ነበር። የሰው ቤት ስትጠርግ፣ የሰው ልጅ ስታሳድግ ዓመታት ያሳለፈችው እህታችን፣ ፈቃዷ በአሠሪዋ እጅ እንደተንጠለጠለ ነው የኖረችው።

ውድ አንባቢ፣ ጥፋቱ የማሽኗ አይደለም። ሶፊያ አይርባትም፣ አይደክማትም፣ እናቷ አትናፍቃትም፤ ዜግነቱን ቢሰጧትም ቢነፍጓትም ለእሷ ያው ነው። ለማይታመም መብት መስጠት ቀላል ነው፤ ለሚታመም የአደም ልጅ መስጠት ግን ከኪስም ከምቾትም ያስከፍላል። የሥልጣኔ መለኪያው ይህ ሁለተኛው ይመስለኛል።

ይሁንና ጣታችንን ወደ ሪያድ ከመቀሰራችን በፊት ጓዳችንን እንይ። የሮቦቷን ስም ዓለም ሁሉ ያውቀዋል። ሻይ አፍልታ የምታቀርብልንን ልጅ የአባቷን ስም የምናውቅ ስንቶቻችን ነን?