ጨርቅ የለበሰው ኮምፒውተር

በተማርኩበት ትምህርት ቤት የኮምፒውተር ክፍሉ ቁልፍ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱም ከመምህሩ አንገት አይወርድም። ጫማችንን በር ላይ አውልቀን፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን በካልሲ እንገባለን። ኮምፒውተሮቹ ዳር ዳሩ የተጠለፈ ነጭ ጨርቅ ለብሰው ይጠብቁናል። ግድግዳው ላይ መመሪያ ተለጥፏል፦ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው፣ ፍላሽ መሰካት ክልክል ነው፣ ጌም መጫን ክልክል ነው፣ ሳያስፈቅዱ ኢንተርኔት መክፈት ክልክል ነው። እስከ ቁጥር አሥራ አንድ ይዘልቃል። ከአሥራ አንዱ አንዱም ስለ ሰው አይናገርም ነበር። ሁሉም ስለ ዕቃው ነው።

ዘጠነኛ ክፍል ሳለን አንዲት የክፍላችን ልጅ ኢሜይሏን ሳትዘጋ ወጣች። እሷ የተነሳችበት ወንበር ላይ የተቀመጠው ልጅ አየውና ሌሎቻችንን ጠራን። እኔም ከተጠሩት አንዱ ነበርኩ። አንገቴን አስግጌ አነበብኩ፤ ሳቅሁም። ውጭ አገር ላለች አክስቷ የጻፈችው ነበር። ምን እንደጻፈች እዚህ አልደግመውም፤ አንዴ ደግሜዋለሁ። በማግስቱ ግቢው በሙሉ ያውቅ ነበር።

ጉዳዩ ዩኒት ሊደሩ ዘንድ ሲደርስ መመሪያው ተነበበልን። ምግብ ይዞ የገባ የለም። ፍላሽ የሰካ፣ ጌም የጫነ የለም። በየትኛው ቁጥር እንደምንቀጣ ስላልተገኘ ክፍሉ ለሁለት ሳምንት ተዘጋ። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ የኮምፒውተር ክፍለ ጊዜ በደረሰ ቁጥር ራሷን ያማት ነበር።

ተማሪ ኮምፒውተርንና ኢንተርኔትን በኃላፊነት ይጠቀም ሲባል በሰማሁ ቁጥር ያ ወረቀት ትዝ ይለኛል። ዓረፍተ ነገሩ ውስጥ ያሉት ሁለት ቃላት ራሳቸው ያጠራጥሩኛል። ኃላፊ በእኛ አገር ወንበርና ማኅተም ያለው ሰው ነው። የአሥራ አራት ዓመት ልጅን «ኃላፊነት ይሰማህ» ማለት ያልተሾመውን ሹመት ይሰማህ እንደማለት ነው፤ ቢጨንቀው ፊቱን ያኮሳትራል እንጂ ምን ሊሰማው ይችላል? «መጠቀም» ደግሞ ይብሳል። አማርኛችን ኢንተርኔት የሚከፍተውን ሰው «ተጠቃሚ» ብሎ ሰይሞታል፤ ጥቅም አግኚ ማለት ነው። ስሙን ስናወጣለት ሊቀበል እንጂ ሊጠብቅ እንደመጣ አልነገርነውም።

ተጠያቂነት የሚል ሦስተኛ ቃልም አለን፤ እሱ ግን ጠያቂ ይፈልጋል። መምህሩ ሻይ ሊጠጣ ብቅ ሲል ተጠያቂነትም ተከትሎት ይወጣል። በዚህ ረገድ ከቃሎቻችን ሁሉ የተለየው አደራ ነው። ባለቤቱ አጠገቤ ቆሞ እያየኝ የያዝኩለት ዕቃ አደራ አይባልም፤ ሸክም ማገዝ ነው። አደራ የሚጀምረው ባለቤቱ ዞር ያለ ጊዜ ነው። «አደራ በላ» የሚለው ስድብ «ሌባ» ከሚለው ይበልጥ የሚያቆስለውም ለዚሁ ይመስለኛል፤ ሌባ ያላመነውንም ሰው ይሰርቃል፣ አደራ በላ ግን የሚበላው ያመነውን ብቻ ነው።

እንግዲህ ይህ ከሆነ ተማሪን በቁልፍ፣ በካሜራና በማጣሪያ ሶፍትዌር ከበን ኃላፊነት እናስተምረዋለን ማለታችን እርስ በርሱ ይጣላል። ጥበቃው በጠነከረ መጠን አደራ የሚበቅልበት ቦታ ይጠባል። የተዘጋ ድረ ገጽ ያልከፈተ ልጅ ምንም አልመረጠም፤ ደጉም ክፉውም ልጅ ፊት የሚመጣው ያው ነጭ ገጽ ነው።

ይህ የአንድ ክፍል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አገርም ቁልፍ አንገቷ ላይ ታንጠለጥላለች። በ2008 ዓ.ም. ግንቦት ላይ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና በማኅበራዊ ሚዲያ ተለቅቆ በመገኘቱ ተሰረዘ፤ ከ250 ሺህ በላይ ተፈታኞች ያጠኑትን ይዘው ወደ ቤታቸው ተመለሱ። በዚያው ክረምት ተማሪዎች እንዳይዘናጉ ተብሎ ማኅበራዊ ሚዲያ ለቀናት ተዘጋ። በቀጣዩ ዓመት በፈተናው ሰሞን ኢንተርኔቱ ራሱ ተቋረጠ። መንግሥት የፈተናውን ደኅንነት መጠበቁ አያስወቅሰውም፤ የተፈታኝ ወላጅ ብሆን እኔም ዝጉት እል ይሆናል። ግን ልብ በሉ፦ ከፈተናው ቀን በፊት የፈተና ወረቀት የሚገኘው በአዋቂዎች እጅ ነው። ያመለጠው የአዋቂ አደራ ሆኖ ሳለ «ኃላፊነት ይሰማህ» የሚለው ምክር የተሰጠው ለተማሪ ነው።

ስለ ቁልፍ ሳስብ የማልረሳው ሌላ ታሪክ አለ። በ2004 ዓ.ም. ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ የሚባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ባሉ ሁለት መንደሮች፣ ትምህርት ቤት ገብተው ለማያውቁ ሕፃናት፣ ሃያ ሃያ ያህል ሞቶሮላ ታብሌቶችን በታሸገ ካርቶን አስቀመጠ። አስተማሪ አልነበረም፤ አዋቂዎቹ በፀሐይ ኃይል ቻርጅ ማድረግ ብቻ ተማሩ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በጥቅምት 2005 እንደተናገሩት፣ አንድ ልጅ በአራት ደቂቃ ውስጥ ካርቶኑን ከፍቶ ማብሪያውን አገኘው፤ በአምስት ወር ውስጥ ደግሞ ልጆቹ የተቆለፈውን አሠራር ሰብረው ገቡ። ከፕሮጀክቱ ሰዎች አንዱ ካሜራውን ዘግቶት ኖሮ ልጆቹ ከፈቱት። ኔግሮፖንቴ ይህን የተናገሩት በኩራት ነበር።

ያንኑ ሥራ የእኛ የኮምፒውተር ክፍል ውስጥ የሠራ ልጅ «ወላጅ አምጣ» ይባል ነበር። አንዱ ጋ ጀግንነት፣ ሌላው ጋ ጥፋት የሆነው ድርጊቱ ስለተለያየ አይደለም፤ የመቆለፊያው ባለቤት ስለተለያየ ነው። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን አንድ ትንሽ ዝርዝር ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ቴክኒሻን እየመጣ የታብሌቶቹን ሚሞሪ ካርድ ይቀይር ነበር፤ ልጆቹ የነኩት ሁሉ በካርዱ ተመዝግቦ ለተመራማሪዎች ይሄዳል። ዓለም ልጆቹ ምን እንደከፈቱ ተነጋገረ። በተከፈተው ካሜራ ፊት መጀመሪያ የቆመው ማን እንደሆነ፣ ፎቶ አንሣኝ ብሎ ይሁን ሳያውቅ፣ ያወራ አልሰማሁም። የኃላፊነት ጥያቄ ግን የሚጀምረው ቁልፉ ከተሰበረ በኋላ፣ እዚያ ነው።

ልቅ ይሁን እያልኩ አይደለም። ገደል አፋፍ ላይ አጥር ያስፈልጋል፤ የሰባት ዓመት ልጅን ከቁማርና ከእርቃን ምስል መከለል ፍልስፍና አይጠይቅም። አጥሩ ግን ከኋላው ገደል እንዳለ ያሳያል። ማጣሪያው ምንም አያሳይም፤ ልጁ የሚማረው ማለፊያ መፈለግን ብቻ ነው፤ ቪፒኤን የሚለውን ቃል ከመምህሩ ቀድሞ ያወቀው ማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን የራሴን ሐሳብ የሚያናጋ ጥያቄ ላንሳ። አደራ ሰጪ ይፈልጋል። ያቺ ልጅ ኢሜይሏን አደራ አላለችንም፤ ረስታው ሄደች። በቴሌግራም ፎቶዋ የሚዞርባት ልጅም የተቀበሉትን ሁለት መቶ ሰዎች አታውቃቸውም። ሰጪ የሌለው አደራ አለ ወይ?

መልሱን ፍለጋ ከኮምፒውተር በፊት ወደነበረ ሥራዬ እመለሳለሁ። አራተኛ ክፍል ሳለሁ የሰፈራችን ደብዳቤ አንባቢ ነበርኩ። የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ1971 ዓ.ም. ተጀምሮ ብዙዎችን ከፊደል ቢያስተዋውቅም፣ ያመለጣቸው እናቶች በየሰፈሩ ነበሩ። እማማ የምንላቸው ጎረቤታችን አንዷ ናቸው። የልጃቸው ደብዳቤ ከጅዳ በሰው እጅ ሲመጣ ያስጠሩኛል። በሩን መለስ አድርገው ፊት ለፊቴ በርጩማ ላይ ይቀመጣሉ። ለጤናሽ እንደምን አለሽ ከሚለው ጀምሬ እስከ መጨረሻው አነባለሁ፤ «ሌላ ምንም አላለም?» ይሉኛል፤ እደግመዋለሁ። ከዚያ አንድ እፍኝ ቆሎ ሰጥተው፣ እደግ ብለው ያሰናብቱኛል። ለሰው እንዳትናገር ያሉኝ ቀን ትዝ አይለኝም። በደብዳቤዎቹ ውስጥ ያለውን እናቴ እንኳ ሰምታ አታውቅም።

የእማማን ደብዳቤ የጠበቀውና በኢሜይሉ የሳቀው አንድ ልጅ ነው፤ መካከላቸው አምስት ዓመት ብቻ አለ። እያደግሁ ከፋሁ ልበል? አይመስለኝም። እማማ ዘንድ ቃሉ ከአፌ ወጥቶ ሲያርፍ አየው ነበር፤ ከንፈራቸው ሲንቀጠቀጥ፣ ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሲስቡ። የማነበው የእሳቸውን ገመና መሆኑን ፊታቸው ይነግረኝ ነበር። ኮምፒውተር ክፍል ውስጥ ግን የልጅቷ ወንበር ባዶ ነበር፤ በዚያ ላይ ጫማ የሚወለቅለት፣ ጨርቅ የሚለብሰው ሌላ ነገር እንደሆነ በየሳምንቱ ተምሬያለሁ። እማማ ዘንድ ደግሞ ተጠቃሚ አልነበርኩም፤ ያለ እኔ የማይሆን ነገር ነበር።

ስለዚህ ሰጪ የሌለው አደራ አለ ብዬ አምናለሁ። ማንበብ መቻል ራሱ የሰውን ገመና እጅህ ላይ ይጥለዋል፤ ባለገመናው ባያውቅህም። መንገድ ላይ ወድቆ ያገኘኸው ቦርሳ ባለቤት አለው፤ አደራ አላለህም ብለህ አትበላውም። ይህ በመመሪያ ቁጥር አሥራ ሁለት ተብሎ ቢጨመር ግን ብዙ የሚጠቅም አይመስለኝም። የዛሬ ተማሪ እንደ እኔ እማማ ፊት የሚቀመጥበት ሥራ ትምህርት ቤቱ ውስጥ ቢኖረው ይሻላል፦ ታናናሾቹን የይለፍ ቃል አወጣጥ የሚያስተምር፣ የጥበቃውን አባት ስልክ የሚያስተካክል፣ ኢሜይሉን ሳይዘጋ የሄደ ሲያይ ዘግቶለት የሚነሳ።

በነገራችን ላይ ደብዳቤ አንባቢው ልጅ አልጠፋም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከመጣ ወዲህ ስንት እናቶች ሚስጥር ቁጥራቸውን ለልጃቸው ነግረው ገንዘብ ያስልካሉ! በትምህርት ቤቱ ማውስ የማይታመነው ተማሪ፣ ማታ ቤቱ የቤተሰቡ ባንክ ነው። ስምንተኛ ክፍል የሆነ የእህቴ ልጅ አለ። ባለፈው ቤታቸው ሄጄ ሳለ እህቴ ወጥ እያማሰለች የገባላትን መልእክት ምን እንደሚል ጠየቀችው። ስልኩን ከፍቶ አየ። እኔ ከጎኑ ነበርኩ፤ ሳይታወቀኝ አንገቴ ሰገግ ብሎ ነበር። ስክሪኑን ወደ ደረቱ አዞረና ተነስቶ ወደ ማድ ቤት ሄደ፤ በጆሮዋ ነገራት።