ጅብ ያበላ እጅ



እኛ ዱከም ላይ ጅብ እንግዳችን አይደለም። ማታ ከዒሻ በኋላ ከፋብሪካዎቹ ጀርባ ሲጮህ እንሰማዋለን፤ የሥጋ ቤቶቹን አጥንት ፍለጋ ይመጣል። የሰፈር ውሻም ሞልቷል። ባለፈው ሳምንት ከመስጂድ ስንወጣ ልጆች አንድ አንካሳ ውሻ በድንጋይ ያሳድዱ ነበር። ከእኛ ከሰጋጆቹ መካከል ቆሞ የሳቀ አለ። እኔ አልሳቅኩም፤ ግን አላስቆምኳቸውምም። ጫማዬን አስሬ ወደ ቤቴ ሄድኩ። ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ትዝ ያሉኝ አንድ የሐረር አባት ናቸው።

ከደጃችን የሚያልፈው አስፋልት ቢሾፍቱንና አዳማን አልፎ፣ የአዋሽን ፓርክ ሰንጥቆ፣ ሄዶ ሄዶ ሐረር ያደርሳል። እዚያ ዩሱፍ ሙሜ ሳሊሕ የሚባሉ ሰው ከ40 ዓመት በላይ፣ ማታ ማታ፣ ከጀጎል ግንብ ውጭ ቁጭ ብለው ጅቦችን በእጃቸው አብልተዋል። በየስማቸው እየጠሩ! ዓለም ያወቃቸው “የጅቡ ሰውዬ” ብሎ ነው። በኋላ ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስረከቡ፤ አባስም ሥጋውን በአጭር እንጨት ላይ አንጠልጥሎ፣ እንጨቱን በጥርሱ ነክሶ ያበላል።

ነገሩ ሲጀመር ትልቅ ዓላማ አልነበረውም። ጅብ ከብቶቻቸውን እንዳይጨርስባቸው ሰግተው ትርፍራፊ መወርወር ጀመሩ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ሌላው ሰው በዚያ ቦታ ቢሆን መርዝ ይገዛል ወይም ጦር ይስላል። እርሳቸው ግን “ይህ ፍጡር ርቦታል” ከሚለው ተነሱ። ሱብሓነላህ! በፍርሃት የተጀመረው የዕድሜ ልክ ሥራ ሆነ። በየማታው ነው ብለን 40 ዓመት ብንቆጥር ከ14,000 ሌሊት ይበልጣል። ዝናብ አለ፣ ሕመም አለ፣ እንግዳ ይመጣል። ጅብ ደግሞ ዒድ አያውቅም። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረውናል፤ እኛ ረመዷን ሲወጣ የምናቆመውን ብዛት አስቡት።

“ከቱሪስት ብር ይቀበሉ የለም እንዴ?” የሚል ይኖራል። ይቀበሉ፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሪዝቁን ከሚያውቀው ሥራ ቢያገኝ ምን ነውር አለው? በዐሹራ ቀን ለጅብ ገንፎ አቅርቦ በአበላሉ የዓመቱን ዕጣ የመገመት ልማድ ግን ሐረር ላይ አለ። ማብላቱን እወደዋለሁ። መጪውን ዓመት ግን የጅብ አፍ አይነግረንም፤ ገይብ የአላህ (ሱ.ወ) ብቻ ነው። የዐሹራ ሱናውም ጾም ነው።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ የልጁ ነገር ነው። አንድ ልጅ እጁን ወደዚያ መንጋጋ የሚያስጠጋው በምክር ይመስላችኋል? የአባቱ እጅ ማታ ሄዶ ሙሉውን ሲመለስ እያየ ስላደገ ነው። ተርቢያ ይሄ ነው። እኛ “ስገድ” ተብለን ያደግን ብዙ ነን፤ አባቱ አጠገቡ አስቀምጦ ያሰገደው ግን ጥቂት ነው። ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ታውቃላችሁ፤ ከሦስቱ አንዱ ዱዓ የሚያደርግለት ደግ ልጅ ነው። ያ ልጅ አንድ ቀን ከሰማይ ዱብ አይልም፤ ትናንት ማታ ከአባቱ ጋር ምን ሲሠራ ነበር?

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል አንዓም 38ኛ አያህ በምድር የሚሄዱት እንስሳትና በክንፋቸው የሚበሩት ወፎች እንደኛው ኡማዎች መሆናቸውን ይነግረናል። ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡትን የዚያን መንገደኛ ታሪክም ሰምታችኋል። ጠምቶት ጉድጓድ ወርዶ ጠጣ፤ ሲወጣ በጥም እርጥብ አፈር የሚልስ ውሻ አየ። ተመልሶ ወረደ፣ የቆዳ ጫማውን ውሃ ሞላ፣ በጥርሱ ነክሶ ወጣና አጠጣው። አላህም ማረው። ሶሓባዎች በእንስሳትም አጅር እናገኛለን ወይ ብለው ሲጠይቁ፣ ሕይወት ባለው ሁሉ አጅር መኖሩን ነገሯቸው። የሰውየውን ስም እንኳን አናውቅም። ያ ጉድጓድ ውስጥ ሲወርድ ያየው ሰውም አልነበረም፤ ፎቶ የለም፣ ላይክ የለም።

“የውሻ ምራቅ እኮ ነጃሳ ነው” የሚል ወንድም አይጠፋም። አዎ፣ ዕቃህን እጠብ። ድንጋይ ወርውር የሚለው ግን የቱ ሐዲሥ ላይ ነው?

እንዳትሳሳቱ ታዲያ፣ ጅብ በእጃችሁ አብሉ እያልኩ አይደለም! እንዳትሞክሩት፤ ያ የብዙ ዓመት ልምድ ነው። ግን ውሃ የጫነ ጋሪ የሚጎትት አህያ ዳገት ላይ ሲወድቅ በጅራፍ ከማስነሳት ጭነቱን ማውረድ ትችላላችሁ። ለጅብ ተብሎ ሥጋ ላይ መርዝ የሚያደርገውን ጎረቤት “ተው፣ ውሻውንም ጥንብ አንሳውንም ትፈጃለህ” ማለት ትችላላችሁ። በቂያማ ቀን ዕድሜያችንን በምን እንደጨረስነው፣ ወጣትነታችንን በምን እንዳሳለፍነው ሳንጠየቅ እግራችን አይንቀሳቀስም። ዩሱፍ ሙሜ ወደኋላ ሲያዩ የሚያዩት አለ፤ የጠገቡ ፍጥረታትና አጠገባቸው ቁጭ ያለ ልጅ። እኔ ባለፈው ሳምንት ላይ የማየው የጫማዬን ማሰሪያ ነው።

ዛሬ ሱረቱል ከህፍን ስትቀሩ 18ኛው አያህ ላይ ቆም በሉ። ኢማናቸውን ይዘው ወደ ዋሻ የሸሹት ወጣቶች ነበሩ፤ እንደናንተው። ውሻቸውም ደጃፉ ላይ የፊት እግሮቹን ዘርግቶ ተኝቷል። አላህ በቁርኣን አነሳው። ከእነርሱ መካከል “ሂድ፣ ውጣ” ያለው እንዳልነበረ አስባለሁ።

እኔ ዛሬ ከዐስር በኋላ ያንን አንካሳ ውሻ ልፈልገው ነው፤ ኢንሻአላህ።